የመድኃኒት ምርጫና መጠን በቤት ውስጥ ሕክምና
ስለ ሆሚዮፓቲ ለመድኃኒት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



መድኃኒት ማለት ለታወቀ ሕመም፣ በታወቀ መጠን፣ በታወቀ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ያው ነገር ወይ መርዝ ይሆናል፣ ወይ ባዶ ውሃ ሆኖ ይቀራል። የመድኃኒት ቅመማ ሙያ የቆመው በዚህ አጭር ቃል ላይ ነው። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና በአውሮፓ፣ በህንድና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰው የሚገለገልበት አንድ የሕክምና ሥርዓት፣ መጠኑ ባነሰ ቁጥር የመድኃኒቱ ኃይል ይጨምራል ብሎ ያስተምራል። ይህ ሥርዓት ሆሚዮፓቲ ይባላል።

ርእሱ ለኢትዮጵያዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ በስጦታ የሚያመጣው ትንሽ ጠርሙስ፣ በላዩ የላቲን ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት፣ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ፊት ቢቀርብ ባለሙያው ምን ብሎ ይመልሳል? አምጪው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ለምን ይሆናል? ስንትስ ይወሰዳል?» ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በንቀት ሳይሆን በዕውቀት መልስ ለመስጠት ሥርዓቱን ከምንጩ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ዛፍ ቅርፊት ሁለት መንገዶች

የሆሚዮፓቲ መሥራች ሳሙኤል ሃነማን በ1755 በጀርመን አገር በማይሰን ከተማ የተወለደ ሐኪም ነበር። በዘመኑ ሕሙማንን ደም በማፍሰስ፣ በብርቱ በማስቀመጥና ሜርኩሪ ያለበትን ዱቄት በብዛት በማዋጥ ማከም የተለመደ ስለ ነበረ፣ ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው የሚሞተው ሰው ጥቂት አልነበረም። ሃነማን በዚህ አሠራር ተመርሮ ሕክምናውን እየተወ በመጻሕፍት ትርጉም ይተዳደር ጀመር። በ1790 የስኮትላንዱን ሐኪም የዊልያም ከለንን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲተረጉም፣ ለወባ ትኩሳት ስለሚሰጠው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የተጻፈው ማብራሪያ አላረካውም። ስለዚህም ጤነኛ ሳለ ቅርፊቱን በራሱ ላይ ሞከረ። ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ መምታትና ድካም፣ ባጭሩ የወባ ሕመም የሚመስል ነገር እንደ ተሰማው ጻፈ። ከዚህም ተነሥቶ፣ በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ምልክት የሚያመጣ ነገር ያንኑ ምልክት የያዘውን በሽተኛ ያድናል ወደሚል አጠቃላይ ሐሳብ ደረሰ። ሐሳቡን በ1796 በጽሑፍ ገለጠ፤ በ1810 ደግሞ ኦርጋኖን በተባለው መጽሐፉ ሥርዓት አበጀለት።

ዛሬ ይህ ሙከራ ሲመረመር መሠረቱ ጠባብ ሆኖ ይገኛል። ሞካሪውም ተሞካሪውም አንድ ሰው ነበር፤ ኪኒን በጤነኛ ሰው ላይ ዘወትር የወባ ትኩሳት አያስነሣም፤ ኪኒን ወባን የሚያድነውም ምልክቱን ስለሚመስል ሳይሆን በቀይ የደም ሴል ውስጥ የገባውን ጥገኛ ተሕዋስ ስለሚገድል ነው። ተሕዋሱን አልፎንስ ላቬራን በአልጄሪያ ያየው በ1880፣ ሃነማን ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ሃነማን ይህን ባለማወቁ አይወቀስም።

የዚሁ ቅርፊት ታሪክ ግን ሌላም መንገድ ነበረው። በ1820 ሁለት የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚዎች፣ ፒየር ፔለቲየና ዦሴፍ ካቫንቱ፣ ከሲንኮና ቅርፊት ውስጥ ኪኒንን ለይተው አወጡ። ከዚያ በፊት አንዱ ቅርፊት ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ፣ ሦስተኛውም ሐሰተኛ ሆኖ ይገኝ ስለ ነበር ሐኪሙ የሚሰጠውን ልክ በእርግጥ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒቱ በሚዛን ሊለካ ቻለ። ከአንድ ቅርፊት ሁለት ትምህርት ወጣ ማለት ነው፤ አንደኛው መጠንን ወደ ምንም የሚያወርድ፣ ሁለተኛው መጠንን በትክክል የሚመዝን። ሃነማን በ1835 ወደ ፓሪስ ሄዶ በ1843 እዚያው ሲያርፍ፣ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር

የሆሚዮፓቲ መድኃኒት አሠራር ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ዕፅዋቱ ወይም ሌላው መነሻ ነገር በመጀመሪያ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ የማይሟማ ከሆነም ከወተት ስኳር ጋር ይፈጫል። ከዝፍዝፉ አንድ እጅ ተወስዶ ከ99 እጅ ውሃና አልኮል ጋር ይቀላቀልና በኃይል ይናጣል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን 1ሲ ይባላል። ከዚህ ደግሞ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና ከ99 እጅ ጋር ሲቀላቀል 2ሲ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ድብልቁ አንድ ለመቶ መሆኑ ቀርቶ አንድ ለአሥር ሲሆን ፊደሉ ዲ ወይም ኤክስ ይሆናል። በመጨረሻ የቀጠነው ፈሳሽ በስኳር እንክብሎች ላይ ይንጠባጠብና ይደርቃል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መከተል ያሻል። 6ሲ ማለት ከመነሻው ነገር አንድ እጅ በአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን እጅ ውስጥ ማለት ነው። 12ሲ ላይ ሲደረስ ድብልቁ ከ1 ቀጥሎ 24 ዜሮ ባለው ቁጥር ይካፈላል። በአንድ ሞል ውስጥ የሚገኙት ሞለኪውሎች ብዛት ግን፣ በአቮጋድሮ ስም የሚጠራው ቁጥር፣ 6 ተከትሎት 23 ዜሮ ያህል ነው። ስለዚህ ከ12ሲ በላይ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ መገኘቷ የዕድል ጉዳይ ይሆናል። በብዛት የሚሸጠው 30ሲ ሲሆን፣ እዚያ ላይ አንዲት ሞለኪውል ለማግኘት በግምት የፀሐይን ክብደት አሥራ አምስት ሺህ ጊዜ የሚያህል ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ተራው ገዢ ግን ቁጥሩን የሚያነበው እንደ ሌላው መድኃኒት ነው። 500 ሚሊግራም ከ250 ሚሊግራም እንደሚበልጥ ያውቃልና 30 ከ6 የሚበልጥ ነገር የያዘ ይመስለዋል። በሆሚዮፓቲ ዘንድ ቁጥሩ ሲጨምር ኃይሉ ይጨምራል ይባላል፤ በኬሚስትሪ ዘንድ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይጠፋል።

ከዚህ የሚከተለውን ማስጠንቀቂያ የመድኃኒት ባለሙያ ሊዘነጋው አይገባም። «ሆሚዮፓቲ ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ለከፍተኛዎቹ ቁጥሮች እንጂ ለዝቅተኛዎቹ አይሠራም። 1ዲ፣ 2ዲ፣ 3ዲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ገና ተጨባጭ ነገር ይዟል። መነሻው ቤላዶና፣ አኮኒት፣ አርሴኒክ ወይም የስትሪክኒን ምንጭ የሆነው ኑክስ ቮሚካ ከሆነ፣ በዚህ ደረጃ ያለው መድኃኒት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ይሸጡ በነበሩ የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ውስጥ የቤላዶና መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለያይና አንዳንዴም በመለያው ላይ ከተጻፈው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ እንዳገኘው አስታውቋል። መጠኑ የማይታወቅ መርዝ በማናቸውም ስም ቢጠራ መርዝ ነው።

ተጠቃሚው እንዴት ይመርጣል?

ሃነማንና ተከታዮቹ መድኃኒት የሚመርጡት በበሽታው ስም ሳይሆን በበሽተኛው ጠባይና በምልክቶቹ ዝርዝር ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ሕመሙ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ብርሃን ይጠላ እንደሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ይብስበት እንደሆነ፣ ውሃ ይጠማው እንደሆነ፣ ቁጡ ወይም አልቃሻ እንደሆነ ይጠየቃል። መልሱ ከትልልቅ የምልክት መዝገቦች ጋር ይመሳከራል፤ ከእነዚህ መካከል አሜሪካዊው ጄምስ ታይለር ኬንት በ1897 ማሳተም የጀመረው መዝገብ እጅግ የታወቀ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአገራችን አባባል ለዚህ ሥርዓት በልኩ የተነገረ ይመስላል።

በቤት ውስጥ ራሱን ለሚያክመው ሰው ግን ይህ ረጅም ምርመራ ተቆርጦ ወደ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይወርዳል። ለግጭትና ለሰምበር አርኒካ፤ ፊት ቀልቶ ድንገት ለሚነሣ ትኩሳት ቤላዶና፤ ከብርድ በኋላ ለሚመጣ ድንገተኛ ሕመም አኮኒት፤ ከመጠን በላይ በልቶና ጠጥቶ ለታወከ ሆድ ኑክስ ቮሚካ፤ ጥርስ ሲያወጣ ለሚያለቅስ ሕፃን ካሞሚላ፤ ለተቅማጥና ለማስመለስ አርሴኒኩም አልቡም ይላል። አወሳሰዱም የራሱ ደንብ አለው። ለድንገተኛ ሕመም 6ሲ ወይም 30ሲ በጥቂት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ መሻል ሲጀምር ይቆማል፤ ከዚህ በላይ ያለው ቁጥር አልፎ አልፎ ብቻ እንጂ አይደጋገምም። እንክብሉ በእጅ ሳይነካ ከምላስ ሥር ይደረጋል፤ ከምግብና ከቡናም ይራቃል።

የደንቡ ዝርዝርነት ለተጠቃሚው የትክክለኛነት መንፈስ ይሰጠዋል። ነገር ግን ሠንጠረዡ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ልዩ ልዩ በሽታዎች አይለይም። ፊት ቀልቶ ድንገት የሚነሣ ትኩሳት ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ወባ፣ የሳምባ ምች ወይም ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል። በቤላዶና ሥር የተመዘገበው ምልክት ለአራቱም ይስማማል፤ አራቱ ግን አንድ ዓይነት ፍጻሜ የላቸውም።

ከዚህም የከፋ ሌላ ትምህርት አለ። በሆሚዮፓቲ ዘንድ መድኃኒቱ በትክክል ሲመረጥ ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሊብስ ይችላል፣ ይህም መልካም ምልክት ነው ይባላል። በዚህ ትምህርት የተሻለው በሽተኛም የባሰበትም መድኃኒቱ እየሠራለት ነው ማለት ይሆናል። እናት ልጇ ሲከፋበት «መድኃኒቱ ያዘው» ብላ አንድ ሌሊት ብትጠብቅ፣ የምትከስረው የእንክብሉን ዋጋ ሳይሆን ያንን ሌሊት ነው። በ2017 በኢጣሊያ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በጆሮ ሕመም ተይዞ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳይሰጠው በሆሚዮፓቲ ሲታከም ቆይቶ፣ ሕመሙ ወደ አንጎሉ ተዛምቶ ሞቷል። ልጁን የገደለው እንክብሉ አልነበረም፤ የባከነው ጊዜ ነበር።

የሙከራዎቹ ፍርድ

የዚህ ሥርዓት ደጋፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ታሪክ አለ። በ1854 ለንደን በኮሌራ ስትመታ፣ በከተማይቱ የሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ከተኙት የኮሌራ በሽተኞች የሞቱት ከመቶ 16 ያህሉ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ሆስፒታሎች ግን ከመቶ 50 በላይ ሞተዋል። ቁጥሩ ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ትርጉሙን መመርመር እንጂ። በዚያን ጊዜ በሌሎቹ ሆስፒታሎች ውሃው አልቆ የደረቀውን በሽተኛ ደም ማፍሰስና ማስቀመጥ ገና የተለመደ ነበር። ምንም የማይሠራ መድኃኒት፣ ዕረፍትና ንጽሕና የሚጎዳን ሕክምና ማሸነፋቸው አያስገርምም። ይህ ለሆሚዮፓቲ ምስክር ከመሆን ይልቅ በዘመኑ ሕክምና ላይ የቀረበ ክስ ነው።

ዛሬ ንጽጽሩ ከጎጂ ሕክምና ጋር አይደለም። በ2005 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 110 የሆሚዮፓቲ ሙከራዎችን ከ110 የመደበኛ ሕክምና ሙከራዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በትልልቆቹና በጥንቃቄ በተሠሩት ውስጥ የሆሚዮፓቲ ውጤት መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ውጤት የማይለይ መሆኑን ገለጠ። በ2015 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በደረሰበት መደምደሚያ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚያድነው አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት የጤና ችግር የለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ2017 ሐኪሞች ይህን መድኃኒት እንዳያዙ መከረ፤ ፈረንሳይም ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ዋጋውን ከሕዝብ መድን መክፈል አቆመች። በሌላ በኩል በህንድ ሥርዓቱ በሕግ የታወቀ ሲሆን የራሱ ኮሌጆችና ሆስፒታሎች አሉት። የመንግሥት ዕውቅና ግን ስለ አስተዳደር የሚናገር እንጂ ስለ ፈዋሽነት የሚመሰክር አይደለም።

ለአፍሪካ ከሁሉ የሚቀርበው ማስጠንቀቂያ በ2009 የተሰጠው ነው። በዚያ ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሆሚዮፓቲን ለኤች አይ ቪ፣ ለሳምባ ነቀርሳ፣ ለወባ፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለሕፃናት ተቅማጥ መጠቀም እንደማይገባ ገለጡ። በሲንኮና ቅርፊት የተጀመረው ትምህርት፣ ወባን ይከላከላል ተብሎ ለመንገደኞች የስኳር እንክብል እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ቅርፊቱ ለወባ ይሠራ የነበረው በውስጡ ኪኒን ስላለ ነው፤ ኪኒኑ እስኪጠፋ የቀጠነው ግን የቅርፊቱን ስም ብቻ ይዞ ቀረ።

ከቅርብ የሚገኙ ሁለት ምሳሌዎች

የመጠንን ነገር ለሕዝብ ለማስረዳት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ኮሶ ነው። የኮሶ አበባ ትልን እንደሚያወጣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከጥንት ያውቃል፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቷል። ኮሶ ይሠራል፤ ችግሩ ልኩ ነው። አበባው ትኩስ ይሁን የቆየ፣ የሴቴው ይሁን የወንዴው፣ እፍኙ የትልቅ ሰው ይሁን የትንሽ፣ ኃይሉ ይለያያል። ሲያንስ ትሉ ይቀራል፤ ሲበዛ ብርቱ ማስመለስና ድካም ያመጣል፤ ዓይንን እስከ መጉዳት የደረሰ መመረዝም ተመዝግቧል። ስለዚህ ኮሶን ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተኩት አባቶች ስለ ተሳሳቱ ሳይሆን፣ አዲሶቹ በሚሊግራም ሊለኩ ስለቻሉ ነው።

ሁለተኛው በሕዝብ ዘንድ ለምለም በሚል ስም የታወቀው የተቅማጥ ንጥረ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ሲታይ ከሆሚዮፓቲ እንክብል ብዙም የማይርቅ ይመስላል፤ ስኳርና ጨው ብቻ! የዓለም የጤና ድርጅት በ2002 ያሻሻለው ቅመማ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ሲሆን፣ በድምሩ 20.5 ግራም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ግሉኮሱ ጨውን፣ ጨውም ውሃን በአንጀት ግድግዳ በኩል ይዞ ይገባል። ውሃው ግማሽ ሊትር ቢሆን ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ሁለት ሊትር ቢሆን ደግሞ ቀጥኖ አይረዳም። ማቅጠን ኃይል እንደማይጨምር ለአንዲት እናት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የባለሙያው ድርሻ

ይህን ሁሉ አውቆ በሆሚዮፓቲ መሳቅ ቀላል ነው። ሆኖም የራስን ቤትም መመልከት ይገባል። ጎረቤት ከወሰደው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተርፎ የቀረውን ሁለት ኪኒን «ለእሱ ያንኑ ሕመም አሽሎታል» ብሎ የሚውጥ ሰው፣ የሃነማንን ስም ሰምቶ ባያውቅም መድኃኒቱን የመረጠው በመምሰል ነው፤ መጠኑንም የወሰነው በተረፈው ልክ ነው። ይህ ልማድ ከስኳር እንክብል ይልቅ ጎጂ ነው፤ ምክንያቱም ያልተሟላ ሕክምና በሽተኛውን ሳያድን መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያንን ያበዛል። ልማዱን የሚያበረታታው ደግሞ ሳይጠይቅ የሚሸጥ እጅ ነው።

ሆሚዮፓቲ በሽተኛን የሚስበው በእንክብሉ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ወስዶ ያዳምጣል፤ በሽተኛውም ሕመሙን እስከ መጨረሻው ተናግሮ ይወጣል። ይህ ማዳመጥ የመድኃኒቱ ሥራ ባይሆንም የሰውን ጭንቀት እንደሚያቀል አይካድም፤ በሠለጠነ የመድኃኒት ቤትም ሊኖር የሚገባው ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱን ይዞ ለሚመጣው ሰው የሚሰጠው መልስ ቅደም ተከተል ይኖረዋል። በመጀመሪያ ስለ ጠርሙሱ ሳይሆን ስለ በሽተኛው ይጠየቃል፤ ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነ፣ ወባ ወዳለበት ቆላ ሄዶ ነበር ወይ? ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ፣ ምንም ዓይነት መድኃኒት ሳይመረጥለት ወዲያውኑ ወደ ጤና ድርጅት ይላካል። ትኩሳት ካለና ወባ ከተጠረጠረ ደም ይመረመራል። ቀጥሎ መለያው ይነበባል፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነና መነሻው መርዛማ ከሆነ እንዳይወሰድ በግልጽ ይነገራል። ቁጥሩ ከፍተኛ ከሆነ በውስጡ ከስኳር በቀር የሚለካ ነገር እንደሌለ በትሕትና ይገለጣል፤ ግጭት ያሳበጠውን ክንድ ወይም በራሱ የሚያልፍ ጉንፋንን በዚህ መደባበስ እምብዛም እንደማይጎዳ፣ ነገር ግን ሌላ መድኃኒትን ሊተካ እንደማይችል ይነገራል። በመጨረሻም ሐኪም ያዘዘለትን የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት አቋርጦ እንደሆነ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጠያቂው ካልጠየቀው በቀር በሽተኛው በራሱ አይናገረውምና።

ጠርሙሱን ከሰው እጅ መንጠቅ የመድኃኒት ባለሙያ ሥራ አይደለም። ሥራው ባለጠርሙሱ በቤቱ የሚጠብቅበትን ጊዜ መወሰን ነው፤ እስከ መቼ ሊጠብቅ እንደሚችል፣ የትኛው ምልክት ሲታይ መጠበቅ እንደሌለበት በግልጽ ነግሮ ማሰናበት። በቤት ውስጥ ሕክምና እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ጊዜም ልክ አለው፤ ይህም ልክ በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም።